ናርካን ቤታችሁ ይኑር፦ ስለ ሐሰተኛ ክኒን፣ ስለ ፌንታኒልና ስለ ሕጉ አሜሪካ ላለ የሐበሻ ቤተሰብ

መጀመሪያ ናርካን ግዙ። የቀረውን ጽሑፍ ከገዛችሁ በኋላም ታነቡታላችሁ።

ናርካን ማለት ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት ነው፣ በአፍንጫ እንዲረጭ ሆኖ የተዘጋጀ። በፌንታኒል፣ በሄሮይን ወይም በሌላ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ) ትንፋሹ ሊቆም የደረሰን ሰው ይመልሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የፈቀደው በማርች 2023 ነው። (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ሁለት መርጫ የያዘው ካርቶን ወደ 45 ዶላር ይሸጣል። ብዙ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች ደግሞ በነፃ ይሰጣሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሐበሻ ደንበኞች ናርካን ሲጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ለጎረቤቴ ነው" ይሉኛል። ይሁን። እኔ ለማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ እናንተም ምክንያት መደርደር አይጠበቅባችሁም። የእሳት ማጥፊያ የሚገዛ ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ነው ተብሎ አይጠረጠርም አይደል?

"የኔ ልጅ ዕፅ አይነካም" የምትሉ ትኖራላችሁ። ደስ ይላል። ግን ነገሩ ከሱስ ጋር ብቻ የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ዛሬ የሚገድለው ሱስ ያለበትን ብቻ አይደለም። ፈተና ደርሶበት እንቅልፍ ያጣ፣ ጥርሱን ያመመው፣ ወይም ፓርቲ ላይ "ግማሿን ሞክር" የተባለ ልጅም ይሞታል።

ክኒኑ ምን ይመስላል?

ትክክለኛው 30 ሚሊግራም ኦክሲኮዶን፣ በሐኪም የሚታዘዘው የሕመም ማስታገሻ፣ ትንሽ፣ ክብ፣ ቀለል ያለ ሰማያዊ ክኒን ነው። በአንድ ፊቱ በሳጥን ውስጥ ኤም የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። በሌላው ፊቱ ከመካከለኛው መስመር በላይ 30 ይላል። ልጆቹ "ፐርክ"፣ "ብሉ" ወይም "ኤም ሠላሳ" ይሉታል። ሐሰተኛው ደግሞ ልክ እንዲሁ ነው። ያው ቀለም፣ ያው ፊደል፣ ያው ቁጥር። መጭመቂያ ማሽኑም ማኅተሙም በኢንተርኔት ይገዛል። በዓይን አይቼ እለያለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ክኒን ስቆጥር እየዋልኩ አልለየውም። ዛናክስ (የጭንቀት መድኃኒት) እና አደራል (ትኩረት ለሚያጡ ሰዎች የሚታዘዝ) ተመስለው የተሠሩም አሉ።

ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ፌንታኒል ነው። ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል። የአሜሪካ የፌዴራል ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ ላልለመደ ሰው 2 ሚሊግራም ሊገድል ይችላል ይላል። ያ በእርሳስ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ መጠን ናት። መሥሪያ ቤቱ በ2023 ከመረመራቸው ሐሰተኛ ክኒኖች ከ10 ሰባቱ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዘው ተገኝተዋል፤ በ2024 ከ10 አምስቱ። ተሻሽሏል የሚል አለ። እኔ ከሁለት አንዱ የሚገድል ነገር ላይ "ተሻሽሏል" የሚለው ቃል አይመጣልኝም።

ትልቁ ችግር ደግሞ ዱቄቱ እኩል አለመደባለቁ ነው። በደንብ ያልተማሰለ ወጥ አስቡ፤ አንዱ ጉርሻ በርበሬ ብቻ፣ ሌላው ምንም። ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ክኒኖችም እንዲሁ ናቸው። ጓደኛው ወስዶ ምንም አልሆነም፣ እሱ ወሰደና ሞተ። ስለዚህ "ትናንት ወስጄው ደህና ነበርኩ" ማስረጃ አይሆንም።

ፕሪንስን ታስታውሱታላችሁ፣ ሙዚቀኛውን። በኤፕሪል 2016 ሚኒሶታ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አቃቤ ሕጉ በ2018 የምርመራውን ውጤት ሲናገር፣ ሰውዬው የወሰደው ቪኮዲን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ መስሎት እንደነበር፣ ክኒኑ ግን ፌንታኒል ያለበት ሐሰተኛ እንደነበር ገለጸ። በአሜሪካ ላለ ሐኪም ሁሉ መክፈል የሚችል ሰው ነበር። ከየት እንዳገኘው ስላልታወቀ በሞቱ የተከሰሰ ሰው የለም።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ ቨርጂኒያ ስተርሊንግ ያለው ፓርክ ቪው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2023 መኸር ላይ ተማሪዎቹ በተከታታይ ኦቨርዶዝ አደረጉ፣ ማለትም ዕፁ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ወደቁ። አንዳንዶቹ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ። ወላጆች በጊዜ አልተነገረንም ብለው ጮኹ። በወቅቱ የግዛቱ ገዥ የነበረው ግሌን ያንግኪን በኖቬምበር 1 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጆች ሁሉ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ትእዛዝ አወጣ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ኢሜይል ሳታነቡ አታጥፉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ሕጉ ለምን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል?

ይህንን ክፍል ልትዘሉት ትችላላችሁ። ግን "መንግሥት ለምን አይከለክለውም?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ስለሚመጣ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ፌንታኒልን በ1960 አካባቢ የፈጠረው ፖል ያንሰን የተባለ ቤልጂየማዊ ነው። ለቀዶ ሕክምና የተሠራ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ይሰጣል። ለእናታችሁ ሐኪም የፌንታኒል ፕላስተር ቢያዝላት አትደንግጡ። ሕጋዊው ፌንታኒል መጠኑ የታወቀ ነው፣ የሚሰጠውም ሰው የተማረ ነው።

በ1979 ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ሰዎች ሄሮይን መስሏቸው በወሰዱት ነገር መሞት ጀመሩ። "ቻይና ኋይት" ይባል ነበር። ላቦራቶሪው የሚያውቀውን ዕፅ ቢፈልግ አጣ። በኋላ ሲጣራ የፌንታኒል ዘመድ ነው። አንድ ቀማሚ የፌንታኒልን ሞለኪውል ጥቂት ነካ አድርጎ አዲስ ነገር ሠርቷል። ያ አዲስ ነገር ደግሞ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ስሙ ከሌለ ወንጀል የለም። መንግሥት በ1981 ስሙን ጻፈና ከለከለ። ቀማሚዎቹም ሌላ ቦታ ነካ አድርገው ሌላ አመጡ። ዲዛይነር ድራግ የሚባለው ጨዋታ ይኸው ነው።

ያ ጨዋታ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ በ1982 ሳን ሆዜ አካባቢ ታየ። አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ፔቲዲን ሲባል የሰማችሁት የሕመም ማስታገሻ አለ። አንድ ሰው የፔቲዲንን ዘመድ ሠርቶ እሸጣለሁ ሲል ቅመማው ተበላሸበትና ሌላ መርዝ ወጣው። ተጠቃሚዎቹ ወጣቶች ናቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ፤ መንቀሳቀስ አይችሉም፣ መናገር አይችሉም። ዊልያም ላንግስተን የተባለው የነርቭ ሐኪም ሲመረምራቸው በሰባ ዓመት አዛውንት ላይ የሚታየውን የፓርኪንሰን በሽታ ምልክት አገኘባቸው። መርዙ የአንጎላቸውን ሕዋስ ገድሎት ነበር። ለሳይንስ ጠቅሟል፣ የፓርኪንሰን ምርምር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራምዷል። ለልጆቹ ግን ምን ያደርግላቸዋል።

ኮንግረስ በ1984 ለዲኢኤ አዲስ ዕፅን በአስቸኳይ፣ በጊዜያዊነት የማገድ ሥልጣን ሰጠው። በ1986 ደግሞ "አናሎግ" የሚባለውን ሕግ አወጣ። ነገሩ በአጭሩ፣ ከተከለከለው ዕፅ ጋር በሞለኪውሉም በሥራውም በጣም የሚመሳሰል ነገር፣ ሰው እንዲወስደው ታስቦ ከተሸጠ፣ እንደተከለከለው ዕፅ ይቆጠራል ይላል። "ሰው እንዲወስደው" የምትለዋን ሻጮቹ ወዲያው ያዟት። ለዚህ ነው በኢንተርኔት የሚሸጠው ከረጢት ላይ "ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አገልግሎት አይውልም" ተብሎ የሚጻፈው። ልጃችሁ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ካገኛችሁ የኬሚስትሪ ፕሮጀክት ነው ብላችሁ አትለፉት።

በፌብሩዋሪ 2018 አሜሪካ አንድ በአንድ ማሳደዱ ሲሰለቻት የፌንታኒልን ዘመዶች በጅምላ፣ ቤተሰቡን በሙሉ አገደች። ቻይናም በሜይ 1 ቀን 2019 እንዲሁ አደረገች። የአሜሪካው ጊዜያዊ ነበርና ሲራዘም ሲራዘም ቆይቶ፣ በጁላይ 2025 ሃልት ፌንታኒል የተባለው ሕግ ተፈርሞ ቋሚ ሆነ።

ታዲያ ምን ሆነ? ከቻይና የተዘጋጀው ፌንታኒል ሲቆም፣ ጥሬ ዕቃው ሜክሲኮ እየሄደ እዚያ ይቀመም ጀመር። በጎን ደግሞ ናይታዚን የሚባሉት ሌሎች ኦፒዮይዶች መጡ። እነዚህ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል የሚገኘው ሲባ ኩባንያ ያጠናቸው ናቸው፤ አደገኛ ስለሆኑ መድኃኒት ሆነው ለገበያ አልወጡም። ጥናቱ ግን በየቤተ መጻሕፍቱ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ አይሶቶኒታዚን የሚባለው ገበያ ላይ ብቅ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ከፌንታኒልም የሚበረቱ አሉ። በሞለኪውላቸው ከፌንታኒል ቤተሰብ ስላልሆኑ የጅምላ እገዳው አይነካቸውም። አሜሪካ አይሶቶኒታዚንን በ2020 አገደች፤ ሌሎቹን ደግሞ ብቅ ባሉ ቁጥር።

አውሮፓ ላላችሁም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኖቬምበር 2023 ደብሊን ውስጥ ሄሮይን ተብሎ የተሸጠ ናይታዚን በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ ሰው ጥሏል። እንግሊዝ በማርች 2024 አሥራ አራት ናይታዚኖችን በስም ከለከለች፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቤተሰቡን በጅምላ።

እኔ የጅምላ እገዳውን እደግፋለሁ። በስም እየጻፉ መከልከል ሌባውን ስሙን ሲቀይር እንደመልቀቅ ነው። ግን ሕግ ቀማሚውን የሚቀድምበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለው መርጫ ይቀድማል።

ሕጉ እናንተን የሚነካው የት ላይ ነው?

አሜሪካ ዕፆችን በአምስት መደብ ትከፍላለች። የሆስፒታሉ ፌንታኒል መደብ 2 ነው። የመንገድ ላይ ዘመዶቹና ናይታዚኖቹ መደብ 1 ናቸው፣ ማለትም ለሕክምና ፈጽሞ ያልተፈቀዱ። በፌዴራል ሕግ ፌንታኒል ያለበት 40 ግራም ድብልቅ የሸጠ ወይም ሊሸጥ የያዘ ቢያንስ 5 ዓመት ይታሰራል። የፌንታኒል ዘመድ ከሆነ 10 ግራም ይበቃል። ልብ በሉ፣ የሚመዘነው ድብልቁ በሙሉ ነው እንጂ ውስጡ ያለው ዕፅ ብቻ አይደለም። አንዷ ክኒን አንድ አሥረኛ ግራም ገደማ ትመዝናለች። መቶ ክኒን 10 ግራም ማለት ነው፤ አንድ የልጅ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለጓደኛ በነፃ መስጠትም ማከፋፈል መሆኑ ነው። ገንዘብ አልተቀበልኩም ማለት አያድንም። በዚያ የተነሳ ሰው ከሞተ በፌዴራል ዝቅተኛው ቅጣት 20 ዓመት ነው። ይህን ለልጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው። እኛ ጉርሻ ማካፈል ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው፣ ክኒንም ያካፍላሉ።

ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ደግሞ ከእስሩ የባሰ አለ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከተከለከለ ዕፅ ጋር በተያያዘ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሕጉ የተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና፣ እሱም ለአንድ ጊዜ። አንዲት ሰማያዊ ክኒን ከዚያ ውጪ ናት። ስለዚህ ልጁ ቢያዝ፣ ጠበቃው "ጥፋተኛ ነኝ በልና በገደብ ትወጣለህ" ሲለው፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በፍርድ ቤት ቀላል የሚመስል ስምምነት ለኢሚግሬሽን ፍርድ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ሊባረር እንደሚችል የማስረዳት ግዴታ አለበት። ዝም ካለ ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ "እንግዲያው ፖሊስ መጥራትማ ጉድ ነው" እንዳትሉ። ዲሲ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ኦቨርዶዝ ላደረገ ሰው እርዳታ የሚጠራን የሚከላከል ሕግ አላቸው፣ ጉድ ሳማሪታን የሚባለው። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በጥቅሉ ግን ለራስ መጠቀሚያ ትንሽ ዕፅ በመያዝ ከሚመጣ ክስ የደወለውንም የታመመውንም ይከላከላል። ለሻጭ ሽፋን አይሰጥም፣ የኢሚግሬሽን ዋስትናም አይደለም። ቢሆንም ደውሉ። ልጁ ከሞተ ግሪን ካርዱ ለማን ነው?

ሰው ወድቆ ስታገኙ

ይህንን ክፍል ደግሞ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ ያንብበው።

ተኝቶ ይመስላል። ብትጠሩት አይሰማም። ትንፋሹ በጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ወይም የለም። አንዳንዴ ከጉሮሮው ውሃ እንደሞላው የሚያንኮራፋ ድምፅ ይወጣል። ስንት ቤተሰብ "ኧረ ይተኛ፣ ደክሞት ነው፣ እንዴት ያንኮራፋል" ብሎ በር ዘግቶ ሄዷል መሰላችሁ። መጽሐፍ ላይ "ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል" ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ሰማያዊው ጎልቶ አይታይም፤ አመድ የመሰለ ነው። የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱንና ጥፍሩን እዩ። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ትጠባለች።

ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ጡጫችሁን ጨብጣችሁ በጣት አንጓችሁ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በኃይል እሹት። ካልነቃ 911። መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ፣ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳን ያገኟችኋል። ከዚያ "ሰው አይተነፍስም" በሉ። እንግሊዝኛው ከጠፋባችሁ "አምሃሪክ" በሏቸው፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።

በጀርባው አስተኙት። የመርጫውን ፓኬት ከጀርባው ቅደዱ። ሁለት ጣታችሁ ከአፍንጫ ከሚገባው ጫፍ ግራና ቀኝ፣ አውራ ጣታችሁ ከታች መግፊያው ላይ። እንደ ሽቶ ልሞክረው ብላችሁ አየር ላይ እንዳትጫኑት! ውስጡ ያለው አንድ መጠን ብቻ ነው፣ ከወጣ ወጣ። አንገቱን በእጃችሁ ደግፋችሁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ ጫፉን ጣታችሁ አፍንጫውን እስኪነካ አስገቡና እስከ መጨረሻው ግፉ።

ትንፋሽ ስጡት። አፍንጫውን ይዛችሁ፣ አፋችሁን በአፉ ላይ ገጥማችሁ፣ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ትንፋሽ፤ ደረቱ ከፍ ማለቱን እያያችሁ። ኦፒዮይድ የሚገድለው ትንፋሽን አቁሞ ስለሆነ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የ911 ሠራተኛዋ ደረቱን ተጫኑ ካለቻችሁ እሷ የምትላችሁን አድርጉ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ ሁለተኛውን መርጫ በሌላኛው አፍንጫ። ናይታዚን ከሆነ ሁለት መጠን ላይበቃም ይችላል፣ አምቡላንሱ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

አሁን ከዕፁ ጋር ዛይላዚን ወይም ሜዴቶሚዲን የሚባሉ ማደንዘዣዎች ይደባለቃሉ። ዛይላዚን የከብትና የፈረስ ነው። ናርካን በእነዚህ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሰውየው መተንፈስ ጀምሮ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ከተነፈሰ ተሳክቶላችኋል፤ አልነቃም ብላችሁ መርጫ አትደራርቡበት። በጎኑ አስተኙት፣ ጉልበቱን አጥፉ፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ።

ሲነቃ አያመሰግናችሁም። ያስመልሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ "ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ" ብሎ ሊወጣ ይነሳል። አትልቀቁት። ናርካን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚሠራው፣ ዕፁ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ሆስፒታል ይሂድ።

ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት። ቡናም ወተትም አታጠጡት። በጥፊ አትምቱት። ጸሎታችሁን እየጸለያችሁ መርጫውን ግፉ፣ አይጣሉም። ስኳሩ ወርዶ ይሁን፣ ደም ግፊት ይሁን ወይስ ኦቨርዶዝ ካላወቃችሁ ደግሞ ናርካኑን ስጡ፤ ኦፒዮይድ ያልወሰደን ሰው አይጎዳውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፌንታኒል በመንካት ብቻ ሰው ይሞታል የሚለው በዋትስአፕ የሚዞረው ቪዲዮ ትክክል አይደለም። በቆዳ እንዲያ በቶሎ አይገባም። ዱቄት ከነካችሁ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ በአልኮል ሳኒታይዘር ግን አትሹት። የወደቀን ልጅ ለመንካት ፈርቶ የቆመ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የምጽፈው።

ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ

ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ፐርኮሴት (ኦክሲኮዶን ያለበት ማስታገሻ) ቤት ውስጥ አለ? ሐበሻ መድኃኒት አይጥልም፣ አውቃለሁ፣ "አንድ ቀን ይጠቅማል"። ብዙ ፋርማሲዎች የተረፈ መድኃኒት የሚጣልበት ሳጥን አላቸው፣ እዚያ ጨምሩት። ካጣችሁ ኦክሲኮዶንና ፌንታኒል ሽንት ቤት ተለቅቀው እንዲጠፉ ኤፍዲኤ ከፈቀዳቸው መድኃኒቶች ውስጥ ናቸው።

ስለ ፌንታኒል መመርመሪያ ወረቀት የሚጠይቁኝ አሉ። ይጠቅማል፣ ግን ናይታዚንን አያገኝም። "ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብሏል" ማለት ክኒኑ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ልጁ ሱስ ውስጥ ከገባስ? የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሌም አንድ ነው፣ "አገር ቤት እንላከው"። ጓደኞቹን ይለያል፣ አያቱ ጋ ይሆናል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ ይስተካከላል። ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ይህን እወቁ። ለወራት ያቆመ ሰውነት ልማዱን ያጣል። ልጁ ተመልሶ ዳላስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ፣ የድሮ ጓደኛው የድሮውን መጠን ይሰጠዋል። ያ መጠን አሁን ይገድለዋል። ከእስር የወጡና ከማገገሚያ የወጡ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት የሚሞቱት በዚህ ነው። ስለዚህ ከላካችሁትም ሕክምና ይቅደም፤ ሲመለስም ናርካን ቤት ይጠብቀው።

ሕክምናው አለ። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉት መድኃኒቶች ጥማቱን ያስታግሳሉ፣ ሞትንም ይቀንሳሉ። "አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው" የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተሳስተዋል። ድሮ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ሐኪሙ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ቀርቷል፣ የተለመደው የዲኢኤ ፈቃድ ያለው የቤተሰብ ሐኪማችሁ ሊያዝ ይችላል። የት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ 1-800-662-4357 ደውሉ፣ ነፃ ነው፣ ስማችሁንም አይጠይቅም። ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር ይሂድ፤ ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ግን አደጋ አለው።

በመጨረሻ ስለ ጉዞ። አገር ቤት ስትሄዱ በዱባይ፣ በጅዳ ወይም በካይሮ ታልፉ ይሆናል። ሰው ደግሞ አደራ ይሰጣል፣ "ለእናቴ የወገብ መድኃኒት ናት፣ አድርስልኝ"። ትራማዶል ብትሆንስ? እሷም ኦፒዮይድ ናት። ኤምሬትስና ሳዑዲ ትራማዶልና ኮዴይን በጥብቅ ይቆጣጠራሉ፤ በስማችሁ የታዘዘ ቢሆንም ቀድማችሁ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት 290 የትራማዶል ክኒን ይዛ ግብፅ ገባችና ሦስት ዓመት ተፈረደባት፤ ለባለቤቷ ሕመም ነው ያመጣሁት ብላ ነበር። የራሳችሁ ከሆነ በዋናው ጠርሙስ፣ ስማችሁ ከተጻፈበት ምልክቱ ጋር፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ይዛችሁ፣ የምታልፉበትን አገር ኤምባሲ ጠይቃችሁ። የሰው ከሆነ፣ ያውም በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ከሆነ፣ የአክስታችሁም ቢሆን አትቀበሉ። ቢቀየሙ ይቀየሙ፤ ቅያሜን ሽማግሌ ይፈታዋል።